አርባ ሦስት የሳሙና ወረቀት

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፌስታል ሙሉ የብስኩት ወረቀት ይዛ ገባች። ግማሹ የራሷ ነው፤ ግማሹ ከመንገድ የተለቀመ፣ ጭቃ እንደነካው ያለ። «ምን ሊሆንሽ ነው?» ብላት፣ ሰዎች በመኪና መጥተው ክፍላቸው ድረስ ገብተው ነበር አለች። ደብተር አድለዋል፤ በጀርባው የብስኩቱ ሥዕል አለበት። ብዙ ወረቀት ሰብስቦ ላመጣ ልጅ ቦርሳ ይሸልማሉ። ዘፈንም አስተምረዋል። ፌስታሉን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ ዘፈኑን ልታሰማኝ ስትጀምር «ዝም በዪ!» ብዬ ጮኽሁባት። ከተወለደች ጀምሮ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። ልጅቱ አለቀሰች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «እማዬ፣ ምን ነካዎት? ብስኩት እኮ ነው» አለችኝ። ብስኩት መሆኑንማ አውቃለሁ። አረጀሁ እንጂ አልታወርሁም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሌላ ዘፈን ከአፌ አልጠፋ ብሎኛል። ሻሼን ስቋጥር ይመጣል፤ ዕቃ ሳነሣ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጬ እንኳ ይመጣል፦

እንዶድ ደህና ሰንብት፣ ሳሙና መጣልን፣
እማምዬ ተነሺ፣ ሸማችንን እጠቢልን።

በጣልያን ጊዜ በትምህርት ቤት ግቢ ተሰልፈን የዘፈንነው ነው። ግጥም ይባል እንደሆነ እንጃ። ነገር ግን ዳዊቱ እየጠፋኝ እሱ አልጠፋም፤ ይህ እጅግ ያናድደኛል። አርባ ዓመት ያህል ሳስተምር፣ አንድም ነጋዴ ክፍሌ ገብቶ ለልጆቼ ከረሜላ አድሎ አያውቅም። ርእሰ መምህሮቹ «ሴትዮዋ ነገረኛ ናት» ይሉኝ ነበር። ነገረኛ ነበርሁ፤ ምክንያቱን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የዛሬው ደብረ ታቦር ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ፎቁም ነው። ያን ጊዜ ከገበያው ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ክረምት ላይ በቅሎ እስከ ሆዷ የምትሰምጥበት ጭቃ ነበር። ከገበያው ማዕዘን፣ ዛሬ ሞባይል የሚጠግኑ ወጣቶች ካሉበት ላይ፣ የሐጂ ኑሩ ሱቅ ነበር። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ሲገቡ ላምባው፣ ቁንዶ በርበሬውና አዲሱ አቡጀዲ በአንድ ላይ ይሸታሉ። መርፌ በእንቁላል ይለወጥ ነበር፤ ሁለት እንቁላል ለአንድ መርፌ። ገበሬው ጠገራ ብር በጥርሱ ነክሶ ይቀበላል፤ ሊሬ የሰጡት እንደሆነ ግን ያገላብጥና «ይህ ዝናብ ያገኘው እንደሆነስ?» ይላል። ያን የመሰለ ሱቅ ላይ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ቢጫ ወረቀት የለበሰ ሳሙና ተደርድሮ ያየነው። አንዱ ሁለት ሊሬ። በሁለት ሊሬ እኛ ቤት የሳምንት ጨውና በርበሬ ይገዛ ነበር። ማን ይገዛዋል? እንዶድ በየአጥሩ ጥግ እየበቀለ ማን ለአረፋ ገንዘብ ይከፍላል?

ይህን ጥያቄ የሳሙናው ባለቤት ሳይጠይቅ አልቀረም፤ መልሱንም ያገኘው ከእኛ ከልጆች ዘንድ ነው። ትምህርት ቤታችን ባለቤቱ ዱር የገባ የአንድ ባላባት ቤት ነበር። አስተማሪያችን የኔታ አድማሱ ይባላሉ፤ ቀድሞ ዳዊት አስተማሪ ነበሩ፤ ጣልያን ደመወዝ ቆርጦላቸው ወደዚያ መጡ። ሰው ባንዳ ይላቸው ነበር፤ በፊታቸው ሳይሆን ካለፉ በኋላ። ሴቶቹ አምስት ነበርን፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን እንቀመጣለን። የሳሙናው ነጋዴ፣ እኛ «ሲኞሩ» የምንለው፣ ሆዱ የገፋ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አስተርጓሚውን አስከትሎ ገባና ለየአንዳንዳችን አንዳንድ ከረሜላ ሰጠን። ያን ዘፈን አስጠናን። ከዚያ ቀይ ጃንጥላ አወጣና መካከላችን ላይ ዷ አድርጎ ዘረጋው።

ያን ጊዜ ጃንጥላ ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይቸግራል። ጥላ የሚያዘው ለታቦት ነው፤ ቢበዛ ለትልቅ ሰው። ሲኞሩ ግን ከእኛ መካከል ለአንዱ ሊሰጥ ነው። «ከጥር ጨረቃ በፊት ከቤቱ ብዙ የሳሙና ወረቀት ላመጣ ልጅ ነው» አለ አስተርጓሚው። «ከቤቱ! የሰው ወረቀት የለቀመ ይገረፋል። እናቶቻችሁን ለምኑ። አልቅሱ። አልበላም በሉ።» እውነቴን ነው፣ እንዲያ ብሎ ነው የነገረን። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ አንድ የአቡጀዲ ቀሚስ ነበረኝ፤ ያን ጃንጥላ ይዤ በገበያው መካከል ስሄድ ታየኝ።

እናቴን መለመን ግን የማይሆን ነገር ነው። አባቴ ጉና ላይ ከጣልያን ጋር ሲዋጋ ሞተ ተብሎ ተዝካሩ ወጥቷል፤ ዓመቱ ገና አልሞላም። እናቴ ጸጉሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳለች። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ሴት ልብሷን አታጥብም፤ ጥቁሩ እስኪዝግ፣ አንገቱ እስኪደርቅ ትለብሰዋለች። ልጇም ያው ናት። ከሐዘን ቤት የእንዶድ ሙቀጫ ድምፅ የተሰማ እንደሆነ ያቺ ሴት በመንደሩ አለቀላት። ስለዚህ እኔም ቀሚሴ በአፈርና በወጥ ጠቁሮ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ሳሙና ግዢልኝ ብላት ዓይኗን ብቻ አሳየችኝ። ቤታችን የሚገባና የሚወጣ ነገር ቢኖር ከጉና ሥር ካለች ዘመዳችን ዘንድ በየሳምንቱ በአህያ የሚመጣ የገብስ ጆንያ ነው፤ እሱም ባዶውን ይመለሳል። እናቴም በሳምንት ሁለት ቀን ምጽዋት ላደርስ ነው እያለች ማልዳ ወጥታ እጇ ተጨማዶ ትመለሳለች። ልጅ ነኝ፤ የእጅ መጨማደድ ምን ይነግረኛል?

አንድ ቀን ቅራሪ ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ጣሪያው ሥር የተሰቀለ አሮጌ ስልቻ አየሁ። በበርጩማ ወጥቼ አወረድሁት። የማር እንጀራ የተደበቀ መስሎኝ ነበር። ውስጡ ቢጫ ወረቀት ነው። ያ የሳሙና ወረቀት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተስተካክሎ፣ በክር ታስሮ! ቆጠርሁት፤ አርባ ሦስት ነው። እንዴት ከእኛ ቤት ተገኘ ብዬ አልጠየቅሁም። ጃንጥላው ብቻ ነበር የሚታየኝ። እናቴ ላስገርማት ብላ ደብቃልኝ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ልጅ የፈለገውን ለማመን አይቸግረውም፤ ሲኞሩም ይህን ያውቅ ነበር መሰለኝ።

በቀኑ ሌሎቹ ልጆች ሁለት፣ ሦስት ይዘው መጡ። የአስተርጓሚው ወንድም ልጅ ዘጠኝ አመጣ፤ ተጨበጨበለት። እኔ ክሩን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ሳፈስሰው ሲኞሩ በደስታ ጮኸ። ብድግ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አቆመኝ። አስተርጓሚው «ይህ ሁሉ ከየት መጣ?» አለኝ። እኔም በኩራት «ከቤታችን ነው፤ እናቴ ያጠበችበት ነው» አልሁ። ደግሞም «ሌላም አላት» ብዬ ጨመርሁበት፤ ውሸቴን ነበር። አስተርጓሚው ወረቀቱን አየ፤ ቀጥሎ ከእግሬ እስከ አንገቴ ቀሚሴን አየ። ሲኞሩ ያወራል፤ እጁን ያወናጭፋል። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ጃንጥላውን እዚያው ሸልሞኝ፣ «የደብረ ታቦር ንጹሕ ቤት» ብሎ ፎቶግራፍ ሊያነሣን ነው። ልጆቹ ሁሉ አጨበጨቡ። የኔታ አድማሱ ግን አላጨበጨቡም።

ሌሎቹ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ። «ስንዱ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አርባ ሦስት ሳሙና የጨረሰ ቤት ልጅ፣ ቀሚስሽ ስለ ምን ጠቆረ?»

«ሐዘን ላይ ነን፣ የኔታ» አልኋቸው።

«እኮ። በይ አሁን ሩጪ። ለእናትሽ፣ ቅዳሜ የሚመጡት ለፎቶግራፍ ብቻ አይደለም በያት። አስተርጓሚው እንደ እኛው ያገር ልጅ ነው፤ የሐዘንን ወግ ያውቃል በያት። እኔ እንደነገርሁሽ ግን ለማንም እንዳትናገሪ።»

እየሮጥሁ ገባሁ። እናቴ ደጃፍ ላይ ገብስ ትለቅማለች። ነገሩን በደስታ ጀምሬ የየኔታ መልእክት ላይ ስደርስ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ሰፌዱን አስቀመጠች። «ስልቻውን ማን አወረደው?» አለች።

«እኔ።»

«ወረቀቱን ሁሉ ሰጠሻቸው?»

«አንደኛ ወጣሁ እኮ፣ እማዬ!»

ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመታችኝም። መደብ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እሷ አስጠጋችኝና ጆሮዬ ላይ «አባትሽ አልሞተም» አለችኝ። ተዝካሩ የወጣው ጣልያን እንዳይፈልገው፣ ቤታችንም እንዳይቃጠል ነው። ጉና ላይ ከነጓደኞቹ አለ። ቅማልና ቁስል ከጥይት ይልቅ እየጨረሳቸው ነው። ልብሳቸውና የቁስላቸው መጠቅለያ በገብሱ ጆንያ ይመጣል፤ እሷ ከወንዝ ወርዳ ታጥባለች፤ በባዶው ጆንያ ይመለሳል። እንዶድ ቢወቀጥ መንደሩ ይሰማል፤ ሳሙና ግን ድምፅ የለውም። ሳሙናውን የሚሰጣት ሐጂ ኑሩ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። አባቴ መኖሩን ባወቅሁበት ደቂቃ ውስጥ የሚገደለውም በእኔ ምክንያት መሆኑን አወቅሁ። እስከ ዛሬ እነዚያን ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ማሰብ አልችልም።

ማታ ሳይሆን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሐጂ ኑሩ ጨው ላደርስ ነው ብሎ መጣ። ቀጭን፣ ጢሙን በሒና የቀለመ ሰው ነበር። ደጃፉን አልፎ እንኳ አልተቀመጠም። «ወረቀቱን አቃጥለሽዋል ብዬ ነበር፣ የስንዱ እናት» አለ።

«ስንት ጊዜ አልኸኝ» አለች እናቴ። «እሳቱን አያይዤ ይዤው ቆምሁ። ፊደል አለበት፣ ሐጂ! ፊደል እንዴት አቃጥላለሁ? ደግሞ ሴትዮዋ፣ ያቺ ሰማያዊ ነጠላ የለበሰችው፣ እመቤታችን ብትሆንስ?»

እናቴ የቄስ ልጅ ናት። ማንበብ አትችልም፤ ፊደል ያለበት ወረቀት ግን መሬት ወድቆ ካየች አንሥታ፣ ስማ፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ታስገባ ነበር። የእግዜር ስም ያለበት ይሆናል ብላ። ሲኞሩ ሳሙናው እንዲሸጥለት በአማርኛ አስጽፎ፣ የምታጥብ ሴት አሥሎበት ነበር። ያን ሁሉ ምስጢር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ለሳሙና ማስታወቂያ ሰገደች። ስናደድ እንዲህ እላለሁ። ሳልናደድ ግን እኔም ዛሬ ድረስ የተጻፈበት ወረቀት መርገጥ አይሆንልኝም።

ሐጂ ኑሩ አልተቆጣም። «አስተርጓሚው ሱቄ ገብቶ ነበር» አለ። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ይህን ሁሉ ሳሙና ለማን ነው የምትገዛው ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳሜ የጣልያኑ ምሽግ መኮንንም አብሮ ይመጣል። እኔንም ና ብለውኛል።»

«ዛሬውኑ ልጅቱን ይዤ ወደ ጉና ብወጣስ?»

«ከጠፋሽ እኔን ይይዛሉ። እኔ ከተያዝሁ ሰባት ልጆች አሉኝ፤ ወላሂ፣ ሲገርፉኝ ምን እንደምል አላውቅም። ጆንያውን የሚነዳውም ሰውዬ አለ።»

እናቴ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ተነሥታ ጠጋ አለችውና በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሐጂ ኑሩ ወደኋላ ሸሸ። «አይሆንም!» አለ። «ይህ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ባልሽ የሰማ እንደሆነስ?»

«እሱ ሳሙናው ለማን እንደሆነ ያውቃል» አለች እናቴ። «ሌላው ያለውን ይበል።»

እስከ ቅዳሜ ያሉት ሁለት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ አላስታውስም። የማስታውሰው ቅዳሜ ጠዋት ከጓዳ ስትወጣ ነው። የሰርግ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጥልፉ ቀይና አረንጓዴ የሆነውን። በአጭሩ ያደገ ጸጉሯን ቅቤ ቀብታዋለች፤ ዓይኗን ተኩላለች። በአጥሩ ላይ አንሶላ አስጥታለች፤ ሐጂ ከሱቁ የላከው አዲስ አቡጀዲ ነው፤ ታጥቦ የነጣ ይመስላል። እኔን ፊቴን አጠበችኝና «ዛሬ የምትሰሚው ሁሉ ውሸት ነው» አለችኝ። «ግን እንዳታለቅሺ። ካለቀስሽ አባትሽን ገደልሽው።» ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ።

መጡ። ሲኞሩ ከፊት፣ ባለሦስት እግሩን ካሜራ የተሸከመ አሽከር ከኋላ፣ መኮንኑ፣ አስተርጓሚው፣ ሐጂ ኑሩ። መንደርተኛውም አጥሩ ላይ ተደረደረ፤ ከፊት ያሉት የእናቴ የማኅበር ሴቶች ነበሩ። እናቴን በነጭ ልብስ ሲያዩ አንዷ ደረቷን መታች። ዓመቱ ሳይሞላ!

አስተርጓሚው ሰላምታም አልሰጠ። «ባልሽ ሞቷል ብለሽ ተዝካር አውጥተሻል» አላት። «ሐዘንተኛ ልብስ አታጥብም፤ እኔም ያገሩ ሰው ነኝ፣ እንዳታሞኚኝ። ሳሙናውን ምን አደረግሽው?»

«ሐዘኔን ካወረድሁ ቆይቻለሁ» አለች። «ጥቁሩ ለሰው ዓይን ነው።»

«ታዲያ የማንን ልብስ ታጥቢያለሽ?»

«የሚመጣ ሰው አለኝ።»

«ከየት ነው የሚመጣ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ መኮንኑ ሳይተረጎምለት አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። እናቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን አጥሩ ላይ ላሉት እስኪሰማ ድረስ ከፍ አድርጋ፣ «ከምሽጉ» አለች። «ነጭ ነው። አንሶላው በየቀኑ ካልተለወጠ አይተኛም። ሸሚዙንም ለእኔ ነው የሚተወው።»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ እየሳቀ ተረጎመው። መኮንኑ አልሳቀም፤ አንገቱ ቀላ። ወደ ሐጂ ኑሩ ዞሮ አንድ ነገር አለ። «የምትገዛው እሷ ናት ወይ ይልሃል» አለው አስተርጓሚው።

ሐጂ ኑሩ መሬቱን እያየ፣ «እሷ ናት» አለ። «ሊሬ ይዛ ነው የምትመጣ። ከየት አገኘሽው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።» ያን ጊዜ ክፉ ሰው መሰለኝ።

መኮንኑ አሁንም ተናገረ። «የሰውየውን ስም ጥሪ ይላል።»

እናቴ መኮንኑን ቀጥ ብላ አየችው። እንዲያ ያለ ነገር በሕጋቸው ክልክል እንደነበር ከጊዜ በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ነጭ ከሐበሻ ሴት ጋር ከተገኘ ይቀጣል። ሐጂ ኑሩ ነግሯት ኖሯል። ክልክል ነው እንጂ አልቀረም ነበር፤ ስሙ ከተጠራ የማን ስም እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፤ ምናልባት የአለቃው፣ ምናልባትም የዚያ ሳቂታ ሲኞር። «ልጥራው?» አለች እናቴ። «እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?»

ተተረጎመለት። መኮንኑ አጥሩ ላይ ያሉትን ሴቶች አየ፤ ሲኞሩን አየ፤ ጓንቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። አንዲት ቃል ተናግሮ ወደ በቅሎው ሄደ። አስተርጓሚው ቅር እያለው «ተይው ይላል» አለ። እናቴ በጀርባዬ ቀሚሴን ጨብጣ ይዛ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድም ነገር ያልገባው ሲኞሩ ነው። ደስ ብሎት አጨበጨበ፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ በእጄ አስያዘኝ፤ እናቴን ከአጠገቤ አቆመ፤ ለያንዳንዳችን አንዳንድ ሳሙና አስጨበጠን። «ሳቂ ይልሻል» አላት አስተርጓሚው። እናቴ ሳቀች። ካሜራው እስኪያነሣ ድረስ ያን ሳቅ ፊቷ ላይ ያዘችው። ቀና ስል አጥሩ ላይ ማንም አልቀረም ነበር።

የሰደባት ሰው አልነበረም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። የማኅበሩ ጽዋ እኛ ቤት ሲደርስ ዘልሎን ወደ ጎረቤት ሄደ። ውሃ ወርዳ ሰላም ስትል እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ትምህርት ቤትም አራቱ ሴቶች አግዳሚው ጫፍ ላይ ተጠጋግተው እኔን ለብቻዬ ተዉኝ። ጃንጥላውን እሳት ውስጥ ልጨምረው ነበር፤ እናቴ ግን ከለከለችኝ። «ይዘሽ ውጪ፣ ገበያ መካከል ዘርጊው፤ ሰው ይይሽ» ትለኛለች። ሰው ካላየን ውሸቱ ይሞታል፤ ውሸቱ ከሞተ አባቴ ይሞታል። እንዲያ የተመኘሁትን ነገር ፀሐይ በሌለበት ሳይቀር ራሴ ላይ ይዤ በገበያው መካከል በግድ ተመላለስሁ። ሳሙናው ግን ከእንግዲህ አልተደበቀም። በጠራራ ፀሐይ ሐጂ ሱቅ ገብታ አምስት፣ ስድስት ገዝታ ትወጣለች፤ አስተርጓሚው ሲያልፍ ይጠቅሳታል። ወረቀቱንስ? ያንንም አላቃጠለችው። ፎቶግራፋችን በትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲመጣ ከእኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ ጀምሮ እስከ እብናት ገበያ ድረስ ተለጠፈ።

ጣልያን ሲወጣ አባቴ ከጉና ወረደ። ጺሙ ደረቱን ሸፍኖታል፤ የለበሰው ሸሚዝ ግን ነጭ ነበር። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱም አንሥቶ ሳማት፤ አለቀሰም። ከእራት በኋላ፣ እኔ የተኛሁ መስሏቸው፣ «እብናት ግድግዳ ላይ አየሁት» አላት። «ጓደኞቼም አዩት።»

«ሸሚዙስ፣ በየሳምንቱ የሚደርስዎ?» አለችው።

«አውቃለሁ። ሳሙናው የእኔ ነበር። አውቃለሁ።» ሁለት ጊዜ አለው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኢየሱስ ደጀ ሰላም ሕዝቡ ተሰበሰበ። ከላይ የመጡ ሹም በከተማ ሆነው አርበኛውን የረዱ፣ የውስጥ አርበኛ የተባሉት፣ ስማቸው እንዲጠራ አዘዙ፤ የሚመሰክርላቸው ዱር የነበረ ሰው እንዲሆን ነው። አባቴ ተነሣ። ሁሉም ያከብረው ነበር። እናቴ ከሴቶቹ ኋላ፣ ለብቻዋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ እጇ እጄን እንዴት አጥብቆ እንደያዘው ዛሬም ይሰማኛል። ለዚያች ቀን ነበር የኖረችው። ሁሉንም የታገሠችው አንድ የሚመሰክርላት ሰው አለ ብላ ነው፤ እሱም ይኸው ቆሟል።

አባቴ የሐጂ ኑሩን ስም ጠራ፤ እልል ተባለ። ባንዳ ሲባሉ የኖሩትን የየኔታ አድማሱን ስም ጠራ፤ ለካ የምሽጉን ወሬ በዚያው ጆንያ ይልኩ ኖሯል፤ ሕዝቡ ደነገጠ፣ ቀጥሎ እልል አለ። እናቴም ለሁለቱም እልል አለች። ከዚያ አባቴ ወደ እኛ አቅጣጫ አየ፤ ተቀመጠ።

ከዓመታት በኋላ ስለ ምን እንደተወው ጠየቅሁት። «ሰው እየረሳው ነበር» አለኝ። «ስሟን ብጠራ ያ ነገር ይቀሰቀሳል፤ ምሽጉ፣ አንሶላው፣ ሁሉም። ለእሷው ብዬ ነው።» ሰው አልረሳም ነበር። እሱም ይህን ያውቃል። የማኅበሩ ጽዋ እናቴ እስክትቀበር ድረስ ወደ ቤታችን አልተመለሰም። እሷ ግን አንድም ቀን ቅሬታ አላሰማችም፤ ሸሚዙን በየሳምንቱ አጥባ ትሰጠው ነበር፤ እሱም ይለብሰዋል። አባቴን እወደው ነበር። ይህን ግን ይቅር አላልሁትም፤ አሁንም አልልም።

ራሴንም ይቅር አላልሁም። ያን ቀን ደጀ ሰላሙ ውስጥ እኔም ቆሜ ነበር፤ አፍ ነበረኝ፤ ወረቀቱን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ጮኼ መናገር እችል ነበር። አባቴ ሲቀመጥ ዝም አልሁ። እናቴ እጄን ለቀቀችው። እንግዲህ አባቴ የሁለት ሰው ስም ጠርቶ ነው የተቀመጠ፤ ሦስተኛውን እኔ ልጥራ። ውባለም ትባላለች። ከምሽጉ የመጣ ሰው አልነበረም።